እንዳለ ጻፈው ያለችኝ ወረቀት

አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት በሐሰት ምላለች። እሷ ሐሰት መሆኑን አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ከመማሏ በፊት ላስቆማት የምችልበት ግማሽ ሰዓት ነበረኝ፤ ቁጭ ብዬ አሳለፍኩት። ይህን ታሪክ ሙሉውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአሠሪዬ ለጋሽ ካሳው የነገርኩት ግማሹን ነው፤ ለእናቴ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ፊታችሁንም አላይም። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ በጋሽ ካሳው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ እጄ ገባ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች ስለሌሉት የጀመርኩት ከአሥራ ሰባተኛው ነው። አሥራ ሰባተኛው ገጽ የሚያስተምረው ስለ አፖስትሮፊ ነበር። ሌላ ሰው አንድ ቀን አንብቦ የሚያልፈውን ነገር እኔ የቋንቋው በር አድርጌ ያዝኩት።

ለማታውቋት፣ አፖስትሮፊ ማለት ከፊደሎቹ ራስ ጎን ከፍ ብላ የምትቀመጥ ትንሽ ጅራታም ጭረት ናት። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው ባለቤትን ማሳየት ነው፤ «የእናቴ ፍየሎች» ለማለት ከፈለጋችሁ እናት ከሚለው ቃል ቀጥላ ትገባለች፣ ኤስ የምትባለው ፊደል ትከተላታለች። ባለቤቶቹ ብዙ እናቶች ከሆኑ ደግሞ ከኤሷ በኋላ ትሄዳለች። ሁለተኛው ሥራዋ፣ ሁለት ቃላት ሲጣበቁ የወደቀውን ፊደል ቦታ መጠበቅ ነው። ለብዛት ግን አትገባም። ፍየሎቹ ብዙ ስለሆኑ ብቻ ጭረት አይደረግላቸውም። አገሩ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከመናኸሪያው እስከ እኛ ሰፈር ድረስ ባሉት የእንግሊዝኛ ሰሌዳዎች ላይ ያላግባብ የገቡ አሥራ አንድ ጭረቶች ቆጥሬአለሁ። ስለ አንደኛው ለአንድ ካፌ ባለቤት ብነግረው፣ በማግስቱ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ «ጭረቱ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ስሙ አልለቀቀኝም።

ጋሽ ካሳው ይመክረኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው እንዲህ አይጨነቁም። የሰጡህን ጻፍና አሰናብታቸው» ይለኛል። እኔ የተሳሳተውን አቃንቼ እተይባለሁ። እንደማልሰማው እሱም ያውቀዋል።

የአሠራራችንን ነገር ሳልነግራችሁ ታሪኩ አይገባም። ሥራ ፈላጊዎች ወደ እኛ ሲመጡ አብዛኞቹ የጻፉት ነገር የላቸውም። የትምህርት ማስረጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ያደርጉና «አንድ ጥሩ ነገር ጻፍልኝ» ይላሉ። ለዚህ ብዬ ያዘጋጀኋት አንዲት የእንግሊዝኛ አንቀጽ ነበረችኝ። ለሥራው ከፍተኛ ተነሳሽነት እንዳለኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት እንደምችል፣ ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ጋር ተግባብቼ ውጤት እንደማመጣ የምትገልጽ ናት። ሦስት ጭረቶች አሉባት፤ ሦስቱም በቦታቸው። ስሙን ብቻ እየቀየርኩ ለሁሉም እሰጥ ነበር። ይህ ነውር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደንበኛውም እኔም ደስ ብሎን ነበር የምንለያየው።

ያች መጀመሪያ ያነሳኋት ሴት፣ ሰዓዳ፣ የመጣችው የአንድ የእርዳታ ድርጅት ማመልከቻ መቀበያ የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። ድርጅቱ በራያ ቆላ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከእናቶች ጋር የሚነጋገሩ ሠራተኞች ይፈልግ ነበር። እሷ ከጎብዬ በታች ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው፤ ከእኔ አንድ ሁለት ዓመት ታንሳለች። ከፌስታሏ ውስጥ በእንግሊዝኛ የጻፈችባቸውን፣ ከደብተር የተገነጠሉ ሁለት ሉሆች አወጣች።

«ወንድሜ፣ ይህን በኮምፒውተር ጻፍልኝ። እንዳለ ጻፈው።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ። ማስታወቂያው ‹በራሳችሁ ቃል ጻፉ› ነው የሚለው። ስህተት ቢኖረውም የራሴ ስህተት ነው።»

«ይቻላል» አልኳት።

መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ አደረግኩላት፤ ወረዳ ሄዳ ማኅተም አስመትታ እስክትመለስ አንድ ሰዓት ያህል ነበረኝ። ሉሆቹን ፊቴ ዘርግቼ ጀመርኩ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁለት ጭረቶች ነበሩ፤ ሁለቱም የተሳሳቱ። በኤስ የሚያልቅ ቃል ባገኘች ቁጥር ጭረት አድርጋበታለች። ፍየሎች፣ ቤቶች፣ ክትባቶች፣ ሁሉም። ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ጭረቶች፣ ትክክል የሆኑት ሁለት። እነዚያንም በአጋጣሚ ያገኘቻቸው ይመስለኛል።

ጭረቶቹን ብቻ አስተካክዬ ልተው ነበር። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ግን ጭረቱ ሲቃና ግሡ ጠመመብኝ። ግሡን ሳቃና ዓረፍተ ነገሩ አጠረብኝ። «መጀመሪያ እቀመጣለሁ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው አጭር መልስ ነው የሚያገኘው» የሚል ነገር ጽፋለች። የሥራ ማመልከቻ ላይ መቀመጥና መቆም ምን ያደርጋል አልኩና ሰረዝኩት። አንዲት አሮጊት ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ሲያወሯት እስኪጨርሱ እንደምትጠብቅ ጽፋለች፤ እሱንም ሰረዝኩ። በባዶው ቦታ ያችን አንቀጼን አስገባኋት። ስጨርስ አንድ ንጹሕ ገጽ ሆነ። የሷ የቀረው ስሟ፣ ቀበሌዋና የጨረሰችው ክፍል ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ውለታ የዋልኩላት ነበር የመሰለኝ።

የቤታችን ልማድ ማመልከቻውን አትሞ፣ በካኪ ፖስታ አሽጎ መስጠት ነው። ስትመለስ እየሮጠች ነበር፤ መቀበያው ሊዘጋ ነው። የታሸገውን ፖስታ ሰጠኋት።

«አነበብከው?» አለችኝ።

«አነበብኩት።»

«ይገባል?»

«በደንብ ይገባል።»

ፈገግ ብላ ሄደች። ሁለቱን ሉሆች ከጠረጴዛው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ጣልኳቸው።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች። ጋሽ ካሳው የፎቶ ኮፒውን ቀለም እየቀየረ ነበር። ሰዓዳ ሰላም ብላ ተቀመጠች፤ አልተቆጣችም፤ ግራ የገባት ነው የምትመስለው።

«ዝርዝሩ ተለጥፏል። ስሜ ከታች ነው ያለው። ‹ከሌላ ሰው የተገለበጠ ጽሑፍ በማቅረባቸው የተሰረዙ› ይላል። ሰባት ነን።»

ሰባት ስትል በልቤ ቆጠርኩ። ለዚያ ማስታወቂያ ያችን አንቀጽ የሰጠሁት ለስድስት ሰው ነበር። ከሷ ጋር ሰባት። አንድም አልጎደለም።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ሄጄ ከመናገሬ በፊት እውነቱን ንገረኝ። ከቃሌ የነካኸው አለ?»

ጋሽ ካሳው ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ «አዎ» ብል ምን ይከተል እንደነበር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሥራዬን አላጣም ነበር፤ አልታሰርም ነበር። አፍር ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

«አልነካሁም» አልኩ። «ጭረቶቹን ብቻ ነው ያስተካከልኩት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንግዲያው እነሱ ናቸው የተሳሳቱት።»

የድርጅቱ ቢሮ ከእኛ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከሄደች በኋላ ብነሳ እደርስባት ነበር። ግቢው በር ላይ ወረፋ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት መቆሟ አይቀርም። የአንድ ገበሬ የመሬት ክርክር አቤቱታ መተየብ ጀመርኩ። አንድም ስህተት አልሠራሁበትም።

አምስት ሰዓት ላይ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«ማልኩላቸው» አለች። «ሴትዮዋ፣ ሐና ነው ስሟ፣ ፋይሉን እንደዘጋች ‹ያቀረብሽው ጽሑፍ የራስሽ ነው?› አለችኝ። ‹ወላሂ፣ እያንዳንዷ ቃል የኔ ናት፤ የጻፈልኝ ልጅ ጭረት ነው የነካው› አልኳት። ‹ሌሎቹስ ታዲያ እንዴት አንድ ዓይነት ሆኑ?› አለች። ‹ከእኔ ነው የገለበጡት› አልኳት። የቅሬታ ቅጽ ሰጠችኝ፤ ይህንኑ ጽፌ ፈረምኩ።»

«ፈረምሽ?» አልኩ።

«ምን ያስፈራኛል? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የእጅ ጽሑፉን ካመጣሽ እናስተያያለን አለችኝ። እነዚያ ሉሆች አሉ አይደል?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት። እኛ አገር ግን በመሐላ የሚቀልድ ሰው በሁለቱም ዘንድ ቦታ የለውም። በመሐላ የተያዘ ነገር ከፍርድ ቤት ውሳኔ ይከብዳል። ወላሂ ስትል አፏን ሞልታ ያለችው እኔን አምና ነው። አንገቴን አጎንብሼ ካርቶኑን ጎተትኩ። ባዶ ነበር።

«ትናንት ለአልጋነሽ ሰጠኋት» አለ ጋሽ ካሳው።

እትዬ አልጋነሽ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎና ለውዝ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ካርቶኑ ሲሞላ ወረቀቱን እሳቸው ይወስዱና ቆሎ ይጠቀልሉበታል። የከተማው ሰው ረቂቅ ማመልከቻ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ዘንድ ነው። ወጥተን ስናይ ቦታቸው ላይ የሉም። አጠገባቸው የምትቀመጠው ሻይ ሻጭ «ዛሬ የዋጃ ገበያ አይደል? ጠዋት ነው የሄዱት» አለች።

«እንሂዳ» አለች ሰዓዳ።

«አንቺ ቆይ፤ እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«የእጅ ጽሑፌን አንተ በምን ትለየዋለህ? አብረን ነው የምንሄደው።»

እለየው ነበር። በጭረቶቹ ብቻ ከሺህ ወረቀት መሐል እለየው ነበር። ብቻዬን ልሄድ የፈለግኩት ለሌላ ነው፤ ወረቀቱ እንዳይገኝ እየተመኘሁ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ገና ሲያየኝ «ጭረቱ፣ ዛሬ ደግሞ ዋጃን ልታርም ነው?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሰዓዳ ለምን እንደዚያ እንደሚሉኝ ጠየቀችኝና ነገርኳት። እሷም ሳቀች።

«ወይኔ፣ እኔማ አበዛሁልህ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ‹ኤስ ብቻዋን አትሄድም› ይለን ነበር። ባየኋት ቁጥር ራሷ ላይ ጭረት አደርግላታለሁ። ያን ሁሉ አቃናህልኝ?»

«ሃያ አንዱን።»

«ቆጥረኸዋል?» ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች ሳቀች። «አላህ ይስጥህ።»

ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላው አገዳ ቆሞ ነበር። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፓስፖርቴ ወጥቷል። ደላላው ‹ወር ሳይሞላ ትሄጃለሽ› ብሎኛል፤ ሳዑዲ። እናቴን ‹ይህ ሥራ ከሆነልኝ እቀራለሁ› አልኳት። ‹ካልሆነስ?› አለችኝ። ‹ይሆናል፣ ደህና አድርጌ ጽፌዋለሁ› አልኳት።»

መስኮቱን እያየሁ «ይሆናል» አልኩ። ይህም ሌላ ውሸት ነው፤ ግን ከበፊቱ ጋር ሲቆም ትንሽ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።

እትዬ አልጋነሽን ገበያው መግቢያ ላይ አገኘናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው ሁለት ጆንያ ወረቀት አሳዩን።

«ፈልጉ፤ ግን የተጠቀለለውን እንዳትፈቱብኝ። ጠዋት የሸጥኩት ውስጥ ካለ ተበልቷል» አሉ።

ሰዓዳ አንዱን ጆንያ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እኔ ሌላውን ዘረገፍኩ። የፈተና ወረቀት፣ የሊዝ ውል፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የኔ አንቀጽ ያለባቸው የተበላሹ እትሞች። አንድ ሰዓት ያህል ፈለግን። ጆንያው ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ መጠቅለል ተጀምሮ የተተወ ሉህ አገኘሁ። አንድ ጥጉ የዘይት ጠብታ ነክቶታል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሁለት ጭረቶች አሉ።

የሷ ነበር። ሁለተኛው ገጽ የለም፤ ግን ይህኛው ላይ ስለ መቀመጧ የጻፈችው አለ፤ አሮጊቷም አሉ።

አጣጥፌ ከጉልበቴ ሥር አደረግኩት። ልደብቀው ነበር ወይስ ልነግራት? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። የማስታውሰው ጉልበቴን ጫን ማድረጌን ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ነገሩ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው፤ እሷ ድርጅቱን ትረግማለች፣ እኔ አዝኜላት እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ።

«ያችን ከጉልበትህ ሥር ያደረግካትን ለሷ አታሳያትም እንዴ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

ሰዓዳ ዞረች። «አሁን ነው ያገኘሁት» ብዬ ሰጠኋት። ዘርግታ አየችና ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እትዬ አልጋነሽ ለሷ አንድ ጥቅል ለውዝ ሰጧት። እኔን ግን አዩኝና ወደ ቆሏቸው ዞሩ።

ስንመለስ ሚኒባሱ እስኪሞላ ዘገየ። ኬላ ላይ ደግሞ ወርደን ተፈተሽን። ሰዓዳ በየደቂቃው ሰዓት ትጠይቀኛለች። ቆቦ ስንገባ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ባጃጅ ያዝን። ልነግራት የምችለው እዚያ ነበር። ከዋጃ ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር እያዘጋጀሁ ነው የመጣሁት፤ «ሰዓዳ፣ ጠዋት ዋሽቼሻለሁ» የምትል። አፌን ከፈትኩ። እሷ የተጨነቅኩ መስሏት «አብሽር፣ እንደርሳለን» አለችኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሐና ከእኛ ብዙ የማትበልጥ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ለሁለታችንም ወንበር ሰጠችን። የደብተሩን ሉህ ተቀብላ ለብቻዋ አነበበችው፤ ቀስ ብላ። አንድ ቦታ ላይ ቆመች፣ መልሳም አነበበች። ከዚያ ከፋይሉ ውስጥ እኔ የተየብኩትን አውጥታ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ሰዓዳ፣ ላንብብልሽ» አለችና የኔን አንቀጽ በእንግሊዝኛ ከላይ እስከ ታች አነበበች።

ሰዓዳ በጥንቃቄ አዳመጠች። «ይህ የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው። ስምሽ አለበት። ጠዋት የማልሽበት ይህ ነው።»

«ይህንን እኔ አልጻፍኩም።»

ከዚያ ዞራ አየችኝ። ስለ አስተያየቷ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዳለ ጻፈው ብላኝ ነበር። ለሌሎቹ ስድስትም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልገለበጠችም። ጠዋት ስትጠይቀኝ አልነካሁም አልኳት። እሱን አምና ነው የማለችው።»

ሐና ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ጠዋት መጥተህ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሰዓዳ ወደሚቀጥለው ፈተና ታልፍ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዓዳ ዞረች። «እህቴ፣ የምንፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ‹መጀመሪያ እቀመጣለሁ› ያልሽውን እኔ ለሠልጣኞች ሳስተምር ስንት ዓመቴ። ግን ይህ ቅጽ አለ።» የቅሬታ ቅጹን አሳየቻት። «ስድስት ሰዎች ሰርቀውኛል ብለሽ ፈርመሻል። ከነሱ ሁለቱን ከሰዓት በኋላ ጠርተን ጠይቀናቸዋል፤ አንደኛዋ አልቅሳ ነው የወጣችው። ኮሚቴው ይህን አይቶ ዝም አይልም። የሆነውን እነግራቸዋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልሽም።»

ወረቀት ሰጠችኝና የሆነውን በአማርኛ በእጄ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ስንወጣ ሰዓዳ የደብተሩን ሉህ ይመለስልኝ ብላ ጠየቀች፤ ሐና ኮፒ አስቀርታ ዋናውን ሰጠቻት።

ግቢው በር ላይ ቆመች።

«ጠዋት ስጠይቅህ ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እቆጣ ነበር። ሁለት ቃል ተናግሬህ እሄድ ነበር። ሌላ ምን አደርግህ ነበር?»

የደብተሩን ሉህ አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ ከተተችው።

«በአላህ ስም ነው የማልኩት» አለች። ወደ ጎብዬ መኪና መያዣው ሄደች። ልከተላት አንድ እርምጃ ሄጄ ተውኩት።

ኮሚቴው አልተቀበለም። አራት ቀን እየተመላለስኩ ሰሌዳውን አየሁ። በአምስተኛው ቀን አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ፤ ስሟ ከላይም ከታችም የለም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመካከላችሁ እንደ እኔ የሰው ጽሑፍ የምታርሙ አላችሁ። አስተማሪዎች፣ ጸሐፊዎች፣ በስልክ የተላከላችሁን መልእክት ሳታርሙ ማለፍ የማትችሉ። ስህተትን ማረም ክፉ ነው እያልኳችሁ አይደለም። አፖስትሮፊ ቦታዋ የት እንደሆነ አሁንም አውቃለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለ ደስ ብሎኝ አሳያለሁ። ያችን አንቀጽ ግን ከኮምፒውተሩ አጥፍቻታለሁ። አሁን የሰጡኝን እንዳለ እተይባለሁ፤ የተሳሳተውን በእርሳስ አሳይቼ «ላርመው ወይስ ይቅር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከማሸጌ በፊት ባለቤቱ ፊት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ወረፋው ይረዝማል፤ ጋሽ ካሳው ያጉረመርማል፤ አልተውኩትም።

ይህ ግን ትንሹ ለውጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥፋቴ ማረሜ ይመስለኝ ነበር። ሲቆይ ገባኝ። ያረምኩትን ማስተካከል ይቻል ነበር፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ ተሰጥቶን ነበር። ያበላሸው «አልነካሁም» ማለቴ ነው። በማንም ጽሑፍ ላይ አንዲት የተሳሳተች ጭረት ማለፍ ያልቻልኩ ሰው፣ ያንን ከራሴ አፍ የወጣውን ይዤ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ። ስህተት አጥብቆ የሚፈራ ሰው ውሸታም የመሆኑ አደጋ ከሌላው ይበልጣል፤ ተሳሳትኩ ማለትን አልለመደምና። ራሳችሁን እዩ። እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት።

ሰዓዳን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አየኋት። ደላላው ያላት ወር ሊሞላ ሦስት ወይም አራት ቀን ሲቀረው ነው። ጠዋት ሱቃችን ገባች። ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳለ ታውቃለች፤ የዚያን ቀን መብራት የነበረው ግን እኛ ሰፈር ብቻ ነበር። ሰላም አለችኝ፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ፓስፖርቷን ሰጠችኝ። «ሁለት ኮፒ» አለች።

ማሽኑ እስኪሞቅ ቆመን ጠበቅን። ይቅርታ ልላት ፈልጌ፣ የወጣኝ ሌላ ነው።

«ስለ መሐላው… ምን አደረግሽ?»

«ሼሁን ጠየቅኳቸው። ሳታውቂ ነው የማልሽው፣ የለብሽም አሉኝ» አለች። «ልቤ ግን አልረጋ አለኝ። የመሐላ ማካካሻ ብዬ ሦስት ቀን ጾምኩ።»

ኮፒዎቹን አስተካክዬ ሰጠኋት። በእጇ እንደያዘች ፎቶግራፏ በደንብ መውጣቱን አየች፤ ከዚያ ፌስታሏ ውስጥ ከተተቻቸው።

ያን ሦስት ቀን እኔ በየቀኑ ሦስት ጊዜ እየበላሁ ነበር። ስትወጣ በሩን ያዝኩላት።